አባባ ጣታቸውን ሲዘረጉ

ዓለም ከተማ፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዱባለ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኛ በቅዱሳኑ ጸሎት ደህና ነን፤ በልጉም ዘንቦልናል። በገና የደረሰችንን ደብዳቤህን እማዬ ዛሬም ታስነብበኛለች።

ለማትሪክ ባዮሎጂ እያጠናሁ ነው። መምህራችን የደም ዓይነት እንዴት እንደሚወረስ ሊያሳዩን፣ ወላጆቻችንን ይዘን ጤና ጣቢያ እንድንመጣ አዘዙን። አባባ መርፌ እንደሚፈሩ ታውቃለህ።

«የሥጋ ሕይወት በደሙ ነው፤ ለፈተና ብዬ አላፈስም» ብለው በር ላይ ቆሙ።

«የእርስዎና የእማዬ ከታወቀ የዱባለም ሊታወቅ ይችላል» አልኳቸው።

ወዲያው ገብተው ጣታቸውን ዘረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ሲደግሙ እማዬ በሳቅ ፈረሰች።

ሁለቱም ኦ ሆኑ። ኦ የሆኑ ወላጆች ለልጃቸው የሚያወርሱት ሌላ ዓይነት ስለሌላቸው አንተም ኦ ነህ። አባባ በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማውን ትተው የቆሎ ተማሪዎቻቸውን ይህንኑ ሲያስተምሩ ዋሉ።

እባክህ በወታደር ሸሚዝህ ኮሌታ ላይ በማይለቅ ቀለም «ኦ» ብለህ ጻፍ። አባባ ደግሞ «ሸሚዙን ሊያወልቅ ይችላልና ሱሪው ላይም ይጻፍ በይልኝ» ብለውኛል።

ለጓዶችህ ሰላምታችንን አድርስልን። እመቤታችን ባለህበት ትጠብቅህ።

እህትህ አመተሥላሴ