ረቡዕ ያየነው ጉድጓድ

ረቡዕ
እጀታ እንኳ የለውም! የዞኑ ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አባል ከሆንኩ የመጀመሪያ የመስክ ጉብኝቴ ነው። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ «ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ተብሎ ሪፖርት የቀረበበት የእጅ ፓምፕ ተገትሮ ቆሟል እንጂ ውሃ አይሰጥም። መንደሩ ጭር ብሏል፤ የምንጠይቀው ሰው እንኳ ጠፋ። ፎቶ አንስተን ተመለስን።

ሐሙስ
የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሰይድ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። «ወላሂ ይሠራል» አለ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩት፣ በመምህርነት ልማዴ ተማሪ እንደምቆጣ ጮክ ብዬ። ሪፖርቱን ጻፍኩ። ቅዳሜ ለምክር ቤቱ ይነበባል፤ ሰውየው ከሥራው መነሣቱ ነው። ሁሉም «ጎበዝ» አሉኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። በዚህ በጋ ጉድጓዱ ዙሪያ ጭቃ ነበር። ከየት መጣ?

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ጋደም ልል አስቤ ነበር። ጭቃው ግን አላስተኛኝም። ባጃጅ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

ሴቶች ተሰልፈው ይቀዳሉ! ፓምፑን የሚጠብቁት እመት ሀዋ «አካም ጂርታ፣ እንደምን ነሽ! ቢሻን ጂራ፣ ውሃ ሞልቷል፣ ጠጪ!» አሉኝ። «ረቡዕስ?» አልኳቸው።

«ሮብማ የሮቢት ገበያ አይደል የኔ እናት? ከብት ነጂው ሲያልፍ እየነቀነቀ ሁለቴ ሰበረብን። አሁን ጧት እጀታውን ነቅለን አልጋዬ ሥር እናስገባና ሁላችንም ገበያ ነን።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተወልጄ ያደግሁት ከሚሴ፤ በገበያ ቀን መንደር ሄጄ ሰው ጠፋ እላለሁ!

ቅዳሜ
ሰብሳቢያችን ጋሽ አደም ጉዱን ስነግራቸው ተጨነቁ። «ሪፖርቱ ተባዝቶ ታደለ እኮ፣ ምን ይሻላል?»

«ያጠፋሁት እኔ፣ የማርመውም እኔ» አልኩ። ምክር ቤቱ ፊት ተነሥቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ይሣቁ። ግን ሳልቀመጥ ሰይድን ጠየቅሁት፤ ፓምፑ ሁለቴ ሲሰበር መለዋወጫ ከጽሕፈት ቤቱ ለምን አልተላከም? ሴቶቹ ራሳቸው አዋጥተው ነው የጠገኑት። ጥፋታችን ነው አለ፤ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ስንወጣ ሰይድ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሥራ መልቀቂያ፣ ተፈርሞበታል።

«ሪፖርቱ እንደተነበበ ልሰጥ ነበር፣ መምህርት» አለና እዚያው ቀደደው። አልሐምዱሊላህ! እሱ ሣቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ።