ደራም ሁሩታም ተከፈተ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበት ጥሩ ቦታ እንደሆነ አንተ ነህ ስትነግረኝ የኖርከው። እኛ ደህና ነን። እማዬ አሁን ትበላለች። ፈረሳችን ዳማም ደህና ነው፤ ናዝሬት ውስጥ የኔን ጋሪ የሚቀድም ፈረስ እስካሁን አልተወለደም። ይሄን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምሩን የያዝኳት ፊደል ይኸው ለዚህ ዋለች።

ወሬው ምን መሰለህ፣ ተከፈተ! ቀበሌው አሽጎ የእህል መጋዘን ያደረገው ጸሎት ቤታችን ተከፈተ።

ያቺ ስድስት ጊዜ ያስጻፍካት ማመልከቻ፣ «በአገሪቱ የታሸጉ የጸሎት ቤቶች በሙሉ ይከፈቱ፣ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አይጠራብን» የምትለው፣ ትዝ ትልሃለች? እስቅብህ ነበር። የራሳችንን ብቻ ጠይቅ፣ የደራና የሁሩታ ሰው የራሱን የሚጠይቅበት አፍ የለውም ወይ እልህ ነበር። አንተ ደግሞ፣ እነሱ ውጭ ቀርተው እኛ ምን ብለን ነው የምንዘምረው ትለኝ ነበር። እንድፈርም ለምነኸኝ እምቢ አልኩህ። እሱ ነው ሲቆጠቁጠኝ የከረመው።

ስታርፍ የተጸለየልህ የዳማ ጋጣ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለማ። እማዬ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላ ይዛ ነው ያለቀሰችው። ያን ቀን ማመልከቻዋን ከኮትህ ኪስ አውጥቼ ፈረምኩ።

ከዚያ ጋሽ ተሰማና ሌሎቹ ሦስት የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ጉዳዩን የያዘው የመንግሥት ኃላፊ አነበበና «ተወካያችሁ ማነው?» አለ። መቼም ታውቃቸዋለህ፣ ሳይጸልዩ መልስ አይሰጡ፤ አራቱም ባንዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ! ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ያፈጠጥኩት እኔ ብቻ። «በል አንተ ተናገር» አለኝ።

አንተ ብትሆን በለሰለሰ አንደበት ነበር። እኔ የት አውቄበት? «ጓድ፣ እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። አባቴን ፈረስ ጋጣ ውስጥ ጸልየንለት ነው የቀበርነው። መንግሥት በዚህ ምን አተረፈ?» አልኩት። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ገልጠው ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ እስካሁን ያመኛል።

ሰውዬው ማመልከቻዋን ወደኔ ገፋ አደረገና፣ «የናዝሬቱን አስከፍትላችኋለሁ። ይሄን ‹በአገሪቱ› የሚለውን ሰርዝልኝ» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

አልዋሽህም አባዬ፣ እጄ ሄዶ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ነክሳ ታየችኝ። ግን የደራ ሰዎች ነገርም መጣብኝ፤ ያንተው ጥያቄ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩና፣ «አባቴ ያስጻፈውን እኔ አልሰርዝም» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ፣ እኔ የማልፈራው ሰውዬ፣ ፈራሁ። በዚህ አፌ የኛ ሰዎች እጅ የገባውን አስወጣሁባቸው ብዬ ምግብ አልበላልህ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። በሙሉ ይከፈቱ ይላል፤ እሁድ ጠዋትም ስብሰባ ቀርቷል። እፎይ! ተንፍሼ ተንፍሼ እስካሁን አልጨረስኩም።

እሁድ እማዬን ጸሎት ቤታችን አደረስኳትና እኔ በአውቶቡስ ደራ ሄድኩ፣ በዓይኔ ልየው ብዬ። ቁልፉ ዝጎ ሰዉን ሁሉ እምቢ ሲል በድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ምት። ሴቶቹ እልል እያሉ እየተጋፉ ገቡ። አንዲት እናት ግን እጄን ይዘው አስቀሩኝና በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ያንተን ስም ነገርኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አንገቴን ስበው ሳሙኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ይሄን በር ማን አስከፈተው ብሎ የሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ያንተን ስም ነው። እስክሞት ድረስ። የኔን ቀጥዬ እናገራለሁ፤ እሱንማ አልተውም።

ልጅህ ዳንኤል