አሥራ አራት ሰከንድ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ከቢሮ ወደ መስመር ሦስት ወረድኩ። ተለማማጅ ኢንጂነር ሁሉ ሁለት ሳምንት ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ መሥራት አለበት ተብሏል። የመብራት ቆጣሪ መገጣጠም። ስምንት ሴቶች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እኔ ዘጠነኛ። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ነው... ትንሿን ሞላ ክዳኑ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በአውራ ጣት መጫን፣ ብሎኑን ማሰር። ሞላዋ ግን እምቢ አለች። አንዷ ተስፈንጥራ አለቃዬ ጫማ ሥር አረፈች። ሴቶቹ «አቶ ሰከንድ» ነው የሚሉት፤ ሁሉን ነገር በሰከንድ ይለካል።

ኮታው በሰዓት አርባ ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ። ማታ ቤት ስገባ እማዬ ጣቴን አይታ፣ «አምስት ዓመት የተማርሽው ሞላ ስታባርሪ ልትውዪ ነው?» አለችኝ። ሳቅን።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አውራ ጣቴ አብጧል። ከጎኔ የሚቀመጡት እትዬ ይህን አይተው አላስችል አላቸው። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ አለቃዬ ሳይቀር እትዬ ነው የሚላቸው። ግራ ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ አሉና ከጋውናቸው ኪስ አንድ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። የእስክሪብቶ ቀፎ። ጫፉ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ።

«ሞላዋን በዚህ ውስጥ ጣያት። ቀጥ ብላ ትወርዳለች።»

ወረደች! ሳትዘል፣ ሳታስቸግር...

«ማን ነው ያሰበው?» አልኳቸው።

«ጣቴ ነዋ!» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ለአለቃ አይነገርም፣ እሺ የኔ ልጅ? ካወቀ ኮታ ነው የሚጨምርብን።»

«በፍጹም!» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ዓርብ፣ ጥር 10

ሠላሳ ሦስት አደረስኩ። ለካ ስምንቱም ቀፎ አላቸው። አለቃዬ ብቅ ሲል ስምንት እጅ ኪስ ይገባል... ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አንድ ቆጣሪ ላይ አሥራ አራት ሰከንድ ያተርፋል። በልቤ ቆጠርኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። የተረፈው የት ይገባል? እትዬ ጣቶቻቸውን ያፍታታሉ። በቅርቡ ከወሊድ የተመለሰችው ወገቧን ቀና ታደርጋለች። አንዷ ማንንም ሳትለምን ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች። በቃ፣ እዚያ ነው የሚገባው።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ቢሮ ከተመለስኩ ወዲህ እጄ ላይ ምንም ሥራ የለም። ዛሬ አለቃዬ ስድስታችንንም ተለማማጆች ሰበሰበን። «እያንዳንዳችሁ አንድ ማሻሻያ ታቀርባላችሁ። ሁለታችሁ ትቀጠራላችሁ።» አራታችንስ? አልተናገረም። እኔ ምን አለኝ? ባዶ። እማዬ ደግሞ «ልጄ እዚያ ትልቁ ድርጅት ገብታለች» ብላ ለጎረቤት አዳርሳለች። ተለማማጅ የሚለውን ቃል ዘላዋለች።

እሁድ፣ ጥር 26

ሳልኩት። ስዕል ብቻ ነው። ማንም አያየውም... ቀፎውን ከብረት አደረግኩት፣ እጀታ ጨመርኩበት፣ ልኩን በሚሊሜትር ጻፍኩ። ያኔ የእኔ መሰለኝ። ከብረት ሲሆን ሌላ ነገር ነው፣ አይደል?

አይደለም። አውቃለሁ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

አቀረብኩ። ባለፈው ሳምንት ናሙና አሠርቼ መስመር ሁለት ሄጄ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እጀ ቀልጣፋዋን ልጅ አሥር ቆጣሪ አሠርቼ ሰከንዱን ያዝኩ። ለአንዱ ዘጠና የነበረው ሰባ ስድስት ሆነ። አለቃዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ሐሳቡ እንዴት መጣልሽ?»

«ስሠራ... ጣቴን ሲያመኝ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ! የእትዬን ሕመም የራሴ አደረግኩት። አንደኛ ወጣሁ። ለእማዬ ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በደስታ መሰላት።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ብረቱ ተሠርቶ መስመር ሦስት ደረሰ። አዲሱ ኮታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አርባ ሰባት። አለቃዬ «የእሷ ሥራ ነው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ... ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ስምንቱም አዩኝ። እትዬ ቀፎውን ከኪሳቸው አውጥተው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉና ብረቱን አነሡ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠበቅኳቸው።

«እትዬ፣ ሄጄ ልናገር። ሐሳቡ የእርስዎ ነው ልበለው።»

«ምን ብለሽ? ሁለት ዓመት ደብቀውህ ኖሩ ብለሽ?»

አንድ እርምጃ ጠጋ አልኳቸው።

«እኔ ልባረርና አንቺን ይቅለልሽ? ስሜን እንዳታነሺ!»

ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፣ ቀና እንኳ አላሉም። አውራ ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ክሩ ሁለቴ አመለጣቸው። ላግዛቸው ጎንበስ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «በጠዋት፣ በትኩስ ጉልበት ለክተሽ ነው አሉ። እስቲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይና ለኪን።»

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የጠበቅኳቸው። ሳልጠይቅ ቀረሁ። እውነት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር? ወይስ «አይዞሽ» እንዲሉኝ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

«መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ ልሞክረው» ብዬ አለቃዬን አስፈቀድኩ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከእትዬ ራቅ ብዬ። የስምንቱንም ቁጥር በየሰዓቱ ጻፍኩ። ጠዋት አርባ ስድስት። ከምሳ በፊት አርባ አራት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳ ዘጠኝ። የቀኑ አማካይ አርባ ሦስት። የእኔማ... አይጻፍ።

ሲመሽ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉ። ማንም አላናገረኝም። አንዴ ሞላ ወድቆብኝ ከወሊድ የተመለሰችው በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ለዚያች ብቻ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ወረቀቱን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ልኬቴ ስህተት ነበር። በአሥር ቆጣሪ ብቻ ነው የለካሁት። ቀኑን ሙሉ ሲታይ አርባ ሦስት ነው።»

«ለበላዮች እኮ አርባ ሰባት ብለን ልከናል!»

«ስህተቱ የእሷ ነው ብለው ይላኩላቸው።»

«ቅጥርሽስ?»

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አድርጌ «ይላኩት» አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስልብኝ... የእትዬ ጣት ዓይኔ ላይ ስለቀረ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ኮታው አርባ ሦስት ሆነ። አርባ አልሆነም። ሦስቷ የእኔ ናት፣ በየሰዓቱ፣ ስምንት ሴት ላይ። እኔ አልተቀጠርኩም፣ አልተባረርኩምም፤ ልምምዱ ስድስት ወር ተራዘመብኝ።

«ያ ሁሉ ጭብጨባስ?» አለች እማዬ።

«ተሳስቼ ነበር።»

«ሰው ይሳሳታል» አለች፣ ሳህን እያጠበች። ሙሉውን አልነገርኳትም። ብነግራት እንዲህ በቀላሉ አታልፈውም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ዛሬ ከአለቃዬ ጋር መስመር ሦስትን ዞርን። ሌላ ማሻሻያ ይፈልጋል። «አንቺ ዓይን አለሽ» ይለኛል። ዓይንስ አለኝ። ገና ከሩቅ አየሁት... እትዬ ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ አንዲት የጎማ ቁራጭ ለጥፈዋል። ክዳኑን እሷ ላይ ደገፍ አድርገው በአንድ እጅ ብሎኑን ያስራሉ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዐርፏል። እንዴት ደስ ይላል! ስንት ሰከንድ... መቁጠር ጀምሬ ነበር። ተውኩት።

«ምን አየሽ?» አለኝ አለቃዬ።

«ምንም። ያው ነው።»

እትዬ ድምፄን ሰምተው ቀና አሉ። ያዩት እኔን ነው፣ እሱን አይደለም። ቀስ ብለው ክንዳቸውን ጎማዋ ላይ አሳረፉና ሥራ አቆሙ፣ እስካልፍ ድረስ።

እንዲቀጥሉ ብዬ ፈጠን ፈጠን ብዬ አለፍኩ።