ድንኳኑ እስካልተነቀለ

ሰኞ

የጋሽ ጌታሁንን መኪና አራቱንም ጎማ አስተነፈስኩለት። አልበቃኝም።

ኦቲየኖን አባሮብኛል። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ባለው የእድራችን የአዛውንቶች ቤት ሽማግሌዎቹን የምናጥበው፣ የምናበላው፣ የምናገላብጠው እኔና ኦቲየኖ ነበርን። ጊጊሪ ያሉት ረጂዎች ድጎማውን ቀነሱ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጌታሁን ደግሞ "አንድ ሰው ይበቃል" ብሎ ቆረጠ። ኪሊማኒ ያለው ምግብ ቤቱ ግን ለበሩ ብቻ ሁለት ዘበኛ አለው።

አባባ ተሰማ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ግዙፍ ናቸው። ለብቻዬ ላዞራቸው ስታገል እላያቸው ላይ ወደቅኩ። "አንተ ልጅ፣ ሚስት ፈልግ እንጂ" አሉኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ ጀርባቸውን አየሁት፤ ቆዳው መላጥ ጀምሯል።

ረቡዕ

የበቀል ሐሳቦች፦
ሻዩ ውስጥ ሚጥሚጣ። ግን እኛ ቤት ሻይ አይጠጣም፣ ይጸየፋል።
መኪናው ወንበር ሥር ዓሣ። ይሄ ጥሩ ነው።
ሚስቱ ጋ በሴት ድምፅ መደወል። ድምፄ ጎርንኗል እንጂ።

ቁስሉ ሰፋ። ነርሷ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጡ ወደ አጥንት ዘልቆ ይገድላቸዋል አለችኝ። ለብቻዬ እንዴት?

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ውኃ እያደልኩ ሰማሁ። ገንዘብ ያዧ እትዬ ዘነበች "ለቀብር ያስቀመጥነው ተርፎ ሰው በቁሙ ይበስብስ?" አሉ። ጋሽ ጌታሁን ተነሳ። "ደንባችን የሞተን ቅበሩ ነው የሚለው። ለታመመ ሁሉ ከከፈልን እኛን ማን ይቀብረናል?" አጨበጨቡለት።

አላስቻለኝም። "ታዲያ ጋሼ፣ አባባን ከሞቱ በኋላ ላገላብጣቸው?" አልኩ። ግማሹ ሳቀ። እሱ "ያልተማረ ሰው ስብሰባ ላይ አይናገርም" አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ማቆሜን ማን ነግሮት ይሆን። ይከፍላታል።

ለአባባ ስነግራቸው "ሞተ በላቸው" አሉ። ሟርት ነው ብዬ እምቢ አልኩ። "ሟርቱማ ጀርባዬ ላይ ነው። ድንኳኔን በዓይኔ ልየው።"

ማክሰኞ

ጠዋት የስልክ ካርድ ፍቄ ለጋሽ ጌታሁን ደወልኩና የአባባን ሞት አረዳሁት። ሳቄን ስይዘው ልቅሶ መሰለ።

አይ እድር፣ ሲሞቱለት እንዴት ፈጣን ነው። ምሳ ሳይደርስ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት በፒክ አፕ ተጭኖ ግቢያችን ገባ። ድንኳን የሚተክሉ የቀን ሠራተኞችም ተቀጥረዋል። አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቲየኖ።

ጋሽ ጌታሁን ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለቀስተኛውን አስከትሎ አባባ ክፍል ገባ። አባባ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "ጌታሁን፣ እንኳን መጣህ። ና በጎኔ አዙረኝ" አሉት። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እኔም በጣም በትሕትና "እግራቸውን ይያዙልኝ፣ ጋሼ" አልኩ። ሰው ሁሉ እያየው ነበርና ያዘ። ሽታው ሲደርሰው ፊቱን አዞረ። ቁስሉን ቀስ ብዬ፣ አውቄ ቀስ ብዬ አጠብኩ። መልቀቅ አቅቶት እንደያዘ ሲቆም አንጀቴ ራሰ።

ከዚያ እትዬ ዘነበች በጥፊ አጮሉኝ። "በሞት ይቀለዳል?" ትክክል ናቸው። ግን ወዲያው ወደ ድንኳኑ ወጥተው "ድንኳን ቆሞ እስካለ ለሠራተኛ ይከፈላል፤ ደንቡ ነው" አሉ። "ይሄው ቆሟል። የሚነቅለው ይነሳ።" ጋሽ ጌታሁን ዙሪያውን አየ። ቁስሉን ያዩት ሁሉ አቀርቅረው ነበር። ካስማ የነካ የለም።

ዓርብ

ኦቲየኖ የድንኳን ሠራተኛ ተብሎ ተመልሷል። አባባን አብረን እናዞራቸዋለን። ነርሷ የቁስሉ ጠርዝ እየዳነ ነው አለች። ትናንት ሁለት እንቁላል በልተው ሦስተኛ አምጣ አሉኝ።

እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሽ ጌታሁን እግር ላይ እንድወድቅ ተፈርዶብኛል። ትንሽዬ ድንጋይ መርጫለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እድሩ ያለው ድንኳን ይሄ አንድ ብቻ ነው። ሰው ከሞተ ከዚህ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ኦቲየኖም አብሮ። ስለዚህ ለእድርተኛው ሁሉ ጤና እጸልያለሁ። ዛሬ ጋሽ ጌታሁን ግቢያችን መጥቶ ክፉኛ ሲያስል ሰማሁት። ለእሱም ጸለይኩ፤ ጥርሴን ነክሼ።