ግጦሻችን ላይ የተጠራው ስብሰባ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ክረምት አለፈ፤ በጋውም ተጋመሰ። ለቅሶው ላይ “ጊዜ ያስረሳል” ያሉኝ ሽማግሌዎች ሁሉ ዋሽተውኛል። እነሱ ራሳቸው እርጎ ሲቀርብላቸው ስምህን እያነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እርጎውን ይጨርሱታል።

እማዬ ደህና ናት። ጠዋት አብረን እናልብና ወተቱን ዲላ ለሻይ ቤቶቹ አደርሳለሁ። ላማችን ዳልቻ ወልዳለች። ጥጃው ቁርጥ ወንድምህን በራሶን ነው፤ ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲበላ አይጠግብም።

አጎቴን ካነሳሁ አይቀር ጉዱን ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው። ግጦሹ መሃል የተከልካቸውን ዋንዛዎች “ዛፍ ሳር ይበላል” ብሎ ሊያስቆርጣቸው ተነሳ። ሳር የሚበላ ዛፍ እኔ አላየሁም፤ ላም ግን አይቻለሁ። ችግኞቹን ስትተክል ውሃውን እግርህ ላይ ባፈስሰው “እኔንም ልታበቅይኝ ነው?” ብለህ የሳቅከው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እነዚያን ዛፎች እንዴት ላስቆርጣቸው?

አጎቴ ቆረጣውን ሊያስፈቅድ የገበሬ ማህበሩን ሊቀመንበርና ሽማግሌዎቹን እዚያው ግጦሹ ላይ ሰበሰበ። እማዬ ጥግ ቆማ እንባዋን ትውጣለች። እኔ በርጩማ አውጪ ተባልኩ። አወጣሁ፤ ግን የደረደርኩት ከዛፎቹ ርቆ፣ ሜዳው መሃል፣ በጥር ቀትር ፀሐይ ነው። “ምነው እዚህ?” ሲሉኝ፣ “ዛፎቹ ከተቆረጡ ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው፤ ከአሁኑ ልመዱት ብዬ ነው አባቶቼ” አልኳቸው። አጎቴ ገላመጠኝ።

ሊቀመንበሩ “ጓዶች!” ብሎ ስለ ምርት እድገት ጀመረ። ምርቱ ሳያድግ ላቡ ሸሚዙን አለፈ። አንዱ ሽማግሌ ወገባቸውን አሳብበው በርጩማቸውን ይዘው ወደ ዋንዛው ሄዱ። ሌሎቹ ተከተሉ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩም ንግግሩን ሳያቋርጥ ወደ ጥላው ተራመደ። እዚያ ግን ላሞቹ ቀድመው ተኝተዋል፤ ዳልቻ ለጓድ ሊቀመንበር እንኳ አልተነሳችም። አጎቴ በእልህ ብቻውን ፀሐይ ላይ ቆየ። ሲብስበት መጥቶ ከዳልቻ ጭራ አጠገብ ተቀመጠ።

“በራሶ፣ የምታስቆርጠው ይህን የተጠለልክበትን ነው?” አሉት ሽማግሌው።

ሁሉም ሳቀ። አጎቴ መሬት መሬት እያየ “እሺ፣ ይቆዩ” አለ።

እኔም ስቄ ዞር ስል ፈለግኩህ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንተ ካልተነገረ ምን ያደርጋል?

ዛፎቹ ዳኑ፤ በበጋ ቅርንጫፍ እየመለመለ ለላሞቹ የሚያወርድላቸው ግን ጠፋ። አጎቴ በርጩማ ላይ ሲቆም እንኳ ግድግዳ ይይዛል። ስለዚህ ገጀራህን ይዤ እኔ ወጣሁ። “ሴት ልጅ ዛፍ ላይ አትወጣም” የሚሉኝ ታች ቆመው ነው፤ ተከትሎኝ የወጣ የለም። ከላይ ግጦሹ፣ እንሰቱ፣ የጪጩ መንገድ ሁሉ ይታያል። ለላሞቹ የሚበቃቸውን ቅጠል ከጣልኩ በኋላም አልወረድኩም። “ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!” እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ።

ገጀራህ ለእጄ ይከብዳል፤ እየለመድኩት ነው። በየበጋው እወጣለሁ አባዬ። አንተን ሳላስብ አንዴም አልወርድም።

ልጅህ አስቴር