የአያታችን አበባና የዘፋኙ ፊት

ለምወድሽ፣ ርቀሽም ከዓይኔ ለማትጠፊው እኅቴ ኢብቲሃል፤

እንደምን ከረምሽ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ልጅ አቅፈሽ ማጎንበስ ይከለክልሻል? ባለቤትሽ ሙንዚር ሥራው እንዴት ሆነለት? የሰልማ ጥርስ በቀለ? ያሲንስ አሁንም ያለ ተረት አልተኛም ይላል? እኛ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ። እማዬ ጉልበቷን እያሸች ከደረጃው ጋር ትጣላለች። ስለ አባባ በስልክ «ደኅና ናቸው» ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። ድምፅሽን እየሰማሁ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ያ መርፌ ሲይዝ የኖረው ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ ወደቀ ቀርቷል። ዓይናቸውም አንቺ ስትሄጂ ከነበረው ብሷል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። ሐኪሙ ይመለሳል አላለም። አንደበታቸው ትንሽ ሲፈታ ጠሩኝና፣ «ስሞት ለቅሶ ድንኳኔ ላይ ፊት ለፊት አባቴ የሣሉት አበባ ተሰፍቶ ይሰቀል። ይኼን በማሽን የታተመ ጨርቅ እንዳታመጣብኝ። አንተ ስፋው፣ በእጅህ» አሉኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሠርግና ለሰው ለቅሶ ድንኳን የሰፉ ሰው ለራሳቸው የለመኑት ይህን ብቻ ነው። «እሺ አባባ» አልኩ።

የእኔንና የዘፋኙን የታሚም ዘህራንን ነገር ታውቂያለሽ። አንቺ እያለሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ፎቶ ነበር። ከሄድሽ ወዲህ ሥራዬ ሆነ። በስሙ የከፈትኩት ገጽ ላይ ስልሳ ሺህ ሰው ይከተለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ዘፋኞች ወዳጆች ጋር ስሰዳደብ እውላለሁ። ከጉዞ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ፀጉሬን እንደሱ እቆረጣለሁ፤ እሱ ከሚስቱ ሲፋታ እኔ ምግብ አልበላ አልኩ። እማዬ፣ «የሱን ልደት ቀንና ሰዓቱን ታውቃለህ፣ የአባትህን ኪኒን ሰዓት ግን እኔ ነኝ የማስታውስህ» ትለኛለች። ጎረቤታችን፣ ድንኳን ሰፊው ኡስታ ሸሓታ ደግሞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ «ረጀብ፣ ጌታህ ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» ይለኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በረመዳን፣ አባባ የአያታችንን ወረቀት ከሣጥን አውጥተው፣ «ይኼ አርጅቷል፤ ሌላ ወረቀት ከሥሩ አንጥፍና በየቀዳዳው በመርፌ እየወጋህ ገልብጠው። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቅጠል አስተምርሃለሁ» ብለውኝ ነበር። በእኛ ሙያ መምህሩ ያ የተበሳ ወረቀት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ጨርቁ ላይ አንጥፈው የከሰል ዱቄት ሲያሹበት ቀዳዳው ነጥብ በነጥብ አበባውን ያወርደዋል። የሌላው ቤት ወረቀቱን አራት አጥፎ ሩቡን ብቻ ይስላል፤ ሲበሳው አራቱም ጎን አንድ ይሆናል። አያታችን ግን ሳያጥፉ ስለሳሉት ከቅጠሎቹ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። ከወረቀቱ በቀር ሁሉን የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ። እኔ ግን «ከኮንሰርቱ በኋላ» አልኩ። ኮንሰርቱ ሲያልፍ «የሽልማት ድምፅ አሰጣጡ ይለቅ» አልኩ። አባባ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስተኛ አልጠየቁም።

አሁን የሚብሰውን ልንገርሽ። ለታሚም ልደት ፊቱን በትልቅ ጨርቅ ልሰፋ ቆረጥኩ። ለንድፉ ወፍራምና ሰፊ ወረቀት አስፈለገኝ፤ እንዲያ ያለ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ሣጥኑን ከፍቼ የአያታችንን ወረቀት አወጣሁና ገለበጥኩት። በጀርባው ብስለው ማን ያየዋል ብዬ ፊቱን ሣልኩበት፣ በአባባ መርፌም በሳሁት። ቀዳዳ ግን ጀርባ የለውም፣ እኅቴ። ልጅ እንኳ የሚያውቀውን እኔ የድንኳን ሰፊ ልጅ አላሰብኩትም። ከሰሉን ሳሽበት የአበባው ነጥብም አብሮ ወረደ፤ እኔ ግን ፊቱን በቃሌ ስለማውቀው እሱን ብቻ ተከትዬ ስምንት ወር ሰፋሁ። አባባ ከጥግ ተቀምጠው የመቀሱን ድምፅ ሲሰሙ ለሰው ትዕዛዝ የምሰፋ መስሏቸው፣ «እጅህ እየፈጠነ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉ ነበር።

ጨርቁን ተሸክሜ ወደሚዘፍንበት አዳራሽ ሄድኩ። ዘበኛው ሳያየኝ፣ «እዚያ ጋ ወርውረው» አለኝ፤ ከአሻንጉሊትና ከአበባ ክምር ላይ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ታሚም ቪዲዮ በለቀቀ ቁጥር እያቆምኩ፣ ፊቱን ትቼ ጨርቄ ተሰቅሎ እንደሆነ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አያለሁ። የለም።

ለአባባ እሺ ባልኩ ማግስት ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አንጥፌ ከሰሉን አሸሁበት። ስገልጠው ቅጠልና ቅንድብ ተደባልቆ ወጣ፤ የቱ ነጥብ የእኛ፣ የቱ የሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መካከሉ፣ ዓይኑና አፉ ያለበት፣ ቀዳዳው ስለበዛ ተቀዶ ወድቋል። ኡስታ ሸሓታ ጋ ሮጥኩ። «የሰው ቤት አበባ ላይ ዓይን አይጣልም፣ ልጄ። አርባ ዓመት ጎረቤታችሁ ሆኜ አንድ ቀን ትኩር ብዬ አላየሁትም» አለኝ። ቀድሞ የሰፋናቸውም ተሸጠው አልቀዋል። ስልኬን በረበርኩ። አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ አለኝ፤ ሁሉም ታሚም ነው። አንድም የአባባ ሥራ የለም።

ትናንት አባባ ወረቀቱን አምጣ አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። በግራ እጃቸው ጣቶች ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ጠርዙ ላይ ፈገግ ብለው ነበር። ወደ መካከል ሲደርሱ ቆሙ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ዳሰሱ። «ይኼ ጆሮ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «የማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ለቅሶዬ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ራሳቸው አጥፈው መለሱልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ አሁን አለቅሳለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ሁሉን አውቃለሁ፣ እሱ ግን መፈጠሬንም አያውቅም። ተለወጥኩ ብዬም አልዋሽሽ፤ ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ስልኬን አይቻለሁ።

ልጅ ሳለሽ የከሰሉን ከረጢት የምታሺው አንቺ ነበርሽ። እጅሽ ጠቁሮ እማዬ ስታባርርሽ ትዝ ይለኛል። መካከሉ ላይ የነበረው ወፍ ነው ወይስ ቅጠል? አንገቱ ወዴት ይዞር ነበር? ዘጠኝ ዓመትሽ ነበርና ታስታውሻለሽ ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ሙንዚርን ሰላም በይልኝ። ሰልማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያሲንን ደግሞ አጎትህ ተረት አልቆበታል በይው። እማዬ «ልጄ ሆይ፣ ከቻልሽ ሳይመሽ ነይ» ትልሻለች። ኡስታ ሸሓታም ሰላም ብሎሻል።

አባባን «ለኢብቲሃል ምን ልበላት?» አልኳቸው። ግራ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። አበባውን እየሳሉት ነበር። እርሳስ ሰጠኋቸው፣ ወደቀባቸው። ተንበርክኬ ጣታቸውን ልከተል ሞከርኩ፤ ግን ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

ወንድምሽ ረጀብ መህሩስ

ካይሮ፣ የድንኳን ሰፊዎች መንገድ
ሻዕባን 12 ቀን 1445 ዓመተ ሂጅራ