አራቱ ቮልት የት ገባ?

ልጄ፣ ባለሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

ከአንቺ በዕድሜ የምትበልጠው የአባትሽ ሞተር ጀልባ ግን ሰሞኑን አስቸገረች። አጎትሽ፣ ያ መሐንዲስ ነኝ ባዩ፣ ሦስት ባትሪ አስቀየረ። ማክሰኞ ሞተሩ ሐይቁ መሀል ጠፍቶ አልነሳ አለ። ነፋሱ ወደ ቋጥኙ ሲገፋቸው አባትሽና አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፋሪ በመቅዘፊያ ነው የተረፉት። አጎትሽ ዳር ቆሞ ሆዱን እያከከ፣ "ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ሞቷል፤ ይቀየር" አለ።

ሃያ ዓመት የስልክ መስመር ስጠግን መኖሬ ለማንም ትዝ አላለውም። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን ይዤ ወረድኩ።

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ አጎትሽ።

አባትሽ ቁልፉን ሲያዞር ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ቮልት አለ፤ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ግን ስምንት ነው። አራቱ የት ገባ? ገመዱን እየተከተልኩ ስለካ፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ገመድ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ አራቱ ቮልት የሚቀረው እዚያ ነው። ቆርጬ፣ ፍቄ፣ አዲስ ጫፍ አሰርኩለት። ወዲያው ተነሳች! መሐንዲሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔም ጠርጥሬ ነበር።" ዓይነ ደረቅ!

ከእሱ ይልቅ ያንገበገበኝ አባትሽ ነው። አንድ ጎረቤት "ጀልባዋን አዳንካት" ብሎ አጎትሽን ሲያመሰግን ዝም ብሎ ሰማ።

የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ ለአባትሽ ደውይና "ጀልባዋን ማን ጠገናት?" በይው። "እናትሽ" እስኪል ድረስ ስልኩን አትዝጊ።